መቃው አንድ፣ ፊደሉ ሁለት

የሚከተለው ምልልስ የሁለት ሐሳቦች ሙግት ነው። ተናጋሪዎቹን ጸሐፊው ፈጥሯቸዋል፤ የሚያነሡት ታሪክ፣ ሕግና የእጅ ሥራ ግን እውነተኛ ነው። አንደኛው በመርካቶ ከታላቁ አንዋር መስጊድ አጠገብ ኪታብና የግድግዳ ጽሑፍ የሚሸጡ፣ በልጅነታቸው ወሎ ውስጥ ደረሳ፣ ማለትም የእስልምና ትምህርት ተማሪ፣ ሆነው በመቃ መጻፍ የተማሩ ሐጂ ናቸው። ሁለተኛዋ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የክወናና እይታ ጥበባት የምታስተምር መምህርት ናት። የሚከራከሩት የዐረብኛ የቁም ጽሕፈት፣ ማለትም ሙስሊሞች ኸጥ የሚሉት ጥበብ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ በሚለው ላይ ነው።

መምህርት፦ ጤና ይስጥልኝ ሐጂ። ገበያ እንዴት ይዞዎታል?

ሐጂ፦ አልሐምዱሊላህ። ግቢ ልጄ፣ ያቺን በርጩማ ሳቢያት። ዛሬም ስለዚያው ነገር ነው የመጣሽው?

መምህርት፦ ስለዚያው ነው። ተማሪዎቼ ወደ ቤት ሲሄዱ በዚህ በር ያልፋሉ። ግድግዳዎ ላይ የተሰቀለውን እያዩ ደብተራቸው ላይ ሊያስመስሉት ይሞክራሉ፤ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም። «ቲቸር፣ ይኼ እንዴት ነው የሚሠራው?» ሲሉኝ የምመልሰው የለኝም። የፊደል ጥበብ የሥዕል ትምህርት አካል ከሆነ ኸጥም በእኛ ክፍለ ጊዜ ይግባ ባይ ነኝ።

ሐጂ፦ እኔ ደግሞ ይቅር ባይ ነኝ። ነገሩን ጠልቼ እንዳይመስልሽ። እስኪ እነዚህን እያቸው። ይኼ ወርቃማ ፕላስቲክ ከቻይና በኮንቴይነር የመጣ ነው። ያኛው በዱባይ በኩል ገባ። ይኼ ስቲከር ደግሞ እዚሁ መርካቶ በማሽን ተቆርጦ የወጣ ነው። በሰው እጅ የተጻፈ አንድም የለም። ገዢው «ስንት ነው?» ይለኛል፣ «መስታወቱ አይሰበርም ወይ?» ይለኛል። ማን ጻፈው ያለኝ ሰው ግን አልገጠመኝም።

መምህርት፦ ታዲያ ይኼ የእኔን ሐሳብ ይደግፋል እንጂ የእርስዎን አይደለም።

ሐጂ፦ ቆይ፣ አትቸኩዪ። ትምህርት ቤት የገባ ነገር ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ አሁን የልጅ ልጆቼን ደብተር አያለሁ። መጽሐፍ ይታተምለታል፣ «ባዶ ቦታውን ሙሉ» ይወጣለታል፣ ልጁ መቃ በእጁ ሳይነካ የስድስት የአጻጻፍ ዓይነቶችን ስም ሸምድዶ ያልፋል። ኸጥ በቃል የሚሸመደድ ነገር አይደለም። ኡስታዙ ፊትሽ ተቀምጦ ይጽፋል፤ አንቺ እጁን ታያለሽ። ትጽፊያለሽ፣ ያርምልሻል፤ እንደገና ትጽፊያለሽ። ኢስታንቡልም ብትሄጂ ካይሮም ብትሄጂ መንገዱ ይኸው ነው። ከጽሑፉ ግርጌ የራሱን ስም እንዲያሰፍር የሚፈቅድለትን ኢጃዛ እስኪያገኝ ድረስ ተማሪው ዓመታት ይፈጅበታል። አንቺ ያለሽ አርባ ደቂቃ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ስልሳ ልጅ።

መምህርት፦ ኸጣጥ፣ የኸጥ ባለሙያ፣ አወጣለሁ አላልኩም ሐጂ። ሥዕል የማስተምራቸው ልጆችም ሁሉ ሠዓሊ አይሆኑም። በጃፓን ልጆች ከሦስተኛ ክፍል ጀምረው በብሩሽ መጻፍ ይማራሉ፤ የቋንቋ ትምህርታቸው አካል ነው። ቻይናም እ.ኤ.አ. በ2013 ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቁም ጽሕፈት ማስተማሪያ መመሪያ አውጥታለች። ዓላማቸው ሁሉንም ልጅ የጥበቡ ባለቤት ማድረግ አይደለም። ልጁ ቁጭ ብሎ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ አንዲት መስመር አስተካክሎ መሳብን ይለምዳል። ስልክ ከእጁ የማይለየው ልጅ ይኼ ያስፈልገዋል።

ሐጂ፦ የጃፓኑ ፊደል የራሱ የጃፓን ነው። አንቺን ግን ገና ከበሩ «ዐረብኛ ምናችን ነው?» ብለው ይመልሱሻል።

መምህርት፦ «የእኛው ነው» እላቸዋለሁ። መቀሌ አጠገብ ኲሓ ላይ ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የተቀረጹ የዐረብኛ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ያኔ ጎንደር የሚባል ከተማ አልነበረም፣ አዲስ አበባማ አይታሰብም። ሐረር ደግሞ ለዘመናት ቁርኣን በእጅ ሲገለበጥባትና ሲደጎስባት ኖራለች። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ሲገባ የመጽሐፍ ድጉሰቷን አድንቆ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1749 ሐረር ላይ የተጻፈ አንድ ቁርኣን ዛሬ የኸሊሊ ስብስብ ከሚባለው የለንደን የእስልምና ጥበብ ክምችት ውስጥ ይገኛል። የውጭ ሊቃውንት ጥናት ጽፈውበታል። የእኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ግን እንዲህ ያለ ነገር ስለመኖሩም አልሰማም።

ሐጂ፦ ይኼን ስትዪ ልቤን ነካሽው። ሐረር ሄጄ የሸሪፍን ሙዚየም አይቻለሁ። አብዱላሂ ሸሪፍ የሚባለው ሰው ከየቤቱ የለቀመውን ኪታብ፣ ሳንቲም፣ ጌጥ ሁሉ መጀመሪያ በገዛ ቤቱ ነበር ያስቀመጠው፤ ኋላ የራስ መኮንን ቤት ተሰጠውና እዚያ ገባ። የተበታተነውን ኪታብ በድሮው አሠራር እንደገና ይደጉሱታል። አንድ ሰው ተነሥቶ ባይሰበስበው ኖሮ ስንቱ በጉሊት መጠቅለያ ይሆን ነበር። ወሎም እንዲሁ ነው። በየሐሪማው፣ በየዱዓና የቂርኣት ቦታው፣ በሣጥን የተቀመጠ የሼኾች ጽሑፍ አለ። ከፊሉ ዐረብኛ ነው፣ ከፊሉ ደግሞ ዐጀም ነው፤ አማርኛውን በዐረብ ፊደል የጻፉት።

መምህርት፦ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ጋ አለ፤ ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም። የተቋሙ የዐረብኛ ጽሑፎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2014 በመጽሐፍ ወጥቷል፤ አዘጋጁ ጣሊያናዊው ተመራማሪ አሌሳንድሮ ጎሪ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2021 የዐረብኛ የቁም ጽሕፈትን በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ጥያቄውን ያቀረቡት 16 አገሮች ነበሩ። ጎረቤቶቻችን ሱዳንና የመን ውስጡ አሉ፣ ኢትዮጵያ የለችም። ቱርክም በዚያው ዓመት የራሷን ለብቻ አስመዝግባለች። እኛ ግን ኲሓንና ሐረርን ይዘን ዝም አልን።

ሐጂ፦ ዝም ያልነው ስለፈራን ነው። የሚያስፈራም ነገር አለ፤ ልንገርሽ። በዚህ አገር ዐረብኛን ትምህርት ቤት ያስገባ መንግሥት ኖሮ ያውቃል። ማን መሰለሽ?

መምህርት፦ ጣሊያን።

ሐጂ፦ ጣሊያን! በ1928 ዓ.ም. እንደገባ ባወጣው ሕግ በሙስሊሙ አካባቢ ዐረብኛ በትምህርት ቤት እንዲሰጥ አዘዘ። ለፊደላችን አዝኖ ነው? አይደለም። ሙስሊሙን ከክርስቲያኑ ለይቶ ለመግዛት ነው። ይኼው መርካቶም ራሱ የተቋቋመው እሱ አገሬውን ከአራዳ አንሥቶ ወደዚህ ሲገፋው ነው። እንዲህ ያለ ነገር በሰው ልብ ቶሎ አይረሳም። ነገ «ኸጥ ትምህርት ቤት ገባ» ቢባል አንዱ ወላጅ «ልጄን ሊያሰልሙብኝ ነው» ብሎ ይመጣብሻል። ሌላው ደግሞ «ሃይማኖቴን የሥዕል መጫወቻ አደረጉት» ብሎ ይመጣል። መሃል ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ።

መምህርት፦ ሕጉን አንብቤዋለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ ይሰጥ ይላል። ቁርኣን ላስቀራ ብል ሕግ እጥሳለሁ፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት ታሪካዊና ባህላዊ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ የሥነ ጥበብንም እድገት የማገዝ ኃላፊነት አለበት ይላል። ስለዚህ የሚጠየቀው ፊደሉ ይግባ ወይ ብቻ አይደለም፤ ምን ተጽፎበት ይግባ ነው።

ሐጂ፦ እንዲህ ያለ ነገር ያደረገ መንግሥት አለ?

መምህርት፦ ቱርክ አለች። እ.ኤ.አ. በ1914 ኢስታንቡል ላይ የኸጣጦች ትምህርት ቤት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1928 መንግሥቱ የዐረቡን ፊደል ትቶ በላቲን መጻፍ ጀመረ፤ ጋዜጣውም፣ የትምህርት ቤት መጽሐፉም፣ የሱቁ ታፔላም ተለወጠ። ከስምንት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1936፣ ያው ሃይማኖትን ከመንግሥት ለይቻለሁ የሚል አገር በሥነ ጥበብ አካዳሚው ውስጥ ኸጥን እንደ ጥበብ ማስተማር ጀመረ። የድሮዎቹ ኸጣጦች ዕድሜያቸው ሳያልፍ መምህር ሆነው ገቡ። ለዕለት ጽሕፈት የከለከለውን ፊደል በጥበብነቱ አላስጠፋውም። ዛሬ የዓለም ተማሪ ኸጥ ለመማር ኢስታንቡል የሚሄደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ሐጂ፦ አካዳሚ ሌላ ነው ልጄ፤ እዚያ የሚገባው ትልቅ ሰው ነው፣ ወዶና መርጦ ነው። አንቺ የምታወሪው ስለ አሥር ዓመት ልጅ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ኸጥ ሲጀመር የመጀመሪያው ትምህርት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?

መምህርት፦ አሊፍ ይመስለኛል።

ሐጂ፦ አይደለም። በቱርኮቹ መንገድ አሊፍ ሳይመጣ በፊት ተማሪው አንዲት አጭር ዱዓእ ነው የሚጽፈው፤ ጌታዬ ሥራውን አግራልኝ፣ በደግ አስጨርሰኝ የሚል። እሷን ብቻ ወራት ይጽፋታል። ነጠላ ፊደሎቹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው የሚጣመሩት ደግሞ ቀጥለው። ተመልከቺ፦ ገና መጀመሪያው ትምህርት ጸሎት ነው። ሕግሽ በር ላይ ያቆመዋል።

መምህርት፦ ጸሎቱ የመስጊድ ትምህርት ይሁን። እኔ ጋ ከነጠላ ፊደል እጀምራለሁ።

ሐጂ፦ ከዚያስ? ፊደል ብቻውን የትም አይደርስም። ቃል ትፈልጊያለሽ። መማሪያው ደግሞ በአብዛኛው ወይ የቁርኣን አያ ነው፣ ወይ ሐዲስ ነው።

መምህርት፦ ቅድም እርስዎ ነገሩኝ እኮ። ዐጀም! የወሎ ሼኾች አማርኛ በዐረብ ፊደል ከጻፉ፣ የእኔ ተማሪዎችም «መርካቶ»ን፣ «አዲስ ከተማ»ን፣ የገዛ ስማቸውን በዚያው ይጻፉ። ከበደም ይጽፈዋል፣ ከድጃም ትጽፈዋለች። የወሎው ሼኽ ጦልሃ ጃዕፈር አማርኛቸውን በዚህ ፊደል ካቆዩልን፣ ለመማሪያ የሚሆን ቃል ከውጭ መለመን የለብንም።

ሐጂ፦ ይኼ ጥሩ ነው። ማሻአላህ፣ ይኼ ጥሩ ነው። ግን ዐጀም የራሱ ጣጣ አለው። ዐረቡ «ጨ» የለውም፣ «ጰ» የለውም። ሼኾቹ ነጥብ እየጨመሩ ፊደል ሠሩለት፤ ሁሉም ግን አንድ ዓይነት አልሠሩም። ያንንም ማስተማር አለብሽ።

መምህርት፦ እሱማ ትምህርት ነው። ሰው ፊደልን ለቋንቋው ሲያበጅ እንዴት እንደሚያስብ ልጁ በዓይኑ ያየዋል። እንግሊዝኛና አፋን ኦሮሞ በላቲን ይማራል፣ አማርኛ በፊደል። እዚህ ላይ ይኼን እንደ አራተኛ ቋንቋ አልጭንበትም። እንዲያነብ አልጠይቀውም፣ አልፈትነውም፤ እንዲስል ብቻ ነው።

ሐጂ፦ የልጁ ስም ዐብዱላሂ ቢሆንስ?

መምህርት፦ ምን ችግር አለው?

ሐጂ፦ ስሙ ውስጥ የአላህ ስም አለበት። ወረቀቱ ሲበላሽ የት ይጣላል? ቅርጫት ውስጥ? ስልሳ ልጅ በቀን ስንት ወረቀት እንደሚያበላሽ አስቢው። ያንን ያየ ሙስሊም ወላጅ ከክርስቲያኑ በፊት ነው የሚቆጣሽ።

መምህርት፦ እሱን አላሰብኩትም።

ሐጂ፦ የድሮ ሰዎች አስበውበታል። በደረሳነቴ ወረቀት የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ ሉህ ነበር፣ ጣውላ። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ይፋቃል፣ ከሙጫና ከውሃ ጋር ይመታል፣ ቀለም ይሆናል። የዕለቱን ትጽፊያለሽ፣ ትቀሪያለሽ፣ በቃልሽ ስትይዢው ታጥቢዋለሽ። ጣውላው ለነገ ይደርሳል። እጣቢውም እንደ ቆሻሻ አይደፋም፤ የሚጠጣው አለ፣ ያለዚያም እግር የማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ላይ ይፈሳል።

መምህርት፦ እንግዲያስ መልሱን ራስዎ ሰጡኝ። ወረቀት አንገዛም። ጣውላ እናስቆርጣለን፣ ይታጠባል። እጣቢው የትምህርት ቤቱ አበባ መደብ ላይ ይፈሳል። የወረቀት ወጪም ቀረልኝ።

ሐጂ፦ አንቺ ሴት ነጋዴ ብትሆኚ ኖሮ መርካቶን ትገዢው ነበር። በይ ተቀመጪ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ። ይኼ መቃ ነው። በሰንጢ ጫፉን በአንድ ጎን እንዲህ ትቀርጪዋለሽ። መሃሉን ትሰነጥቂዋለሽ፣ ቀለሙ እንዲወርድበት። መጨረሻ ጫፉን በሰያፍ ትቆርጪዋለሽ። ሰያፉ ካልተስተካከለ ፊደሉ ቀጭኑ ይወፍራል፣ ወፍራሙ ይቀጥናል። አሁን ቀለም ነክሬ ጫን አድርጌ ትንሽ ስስበው ምን ወጣ?

መምህርት፦ ነጥብ። አራት ማዕዘን፣ በጫፉ የቆመ።

ሐጂ፦ መለኪያሽ ያ ነው። ማስመሪያ አያስፈልግሽም። ነጥብ በነጥብ ላይ እየደረደርኩ ወደ ላይ ልውጣ፤ አየሽ? የአሊፍ ቁመት በነጥብ ነው የሚለካው። በሱሉስ አጻጻፍ አብዛኛው ሰው ሰባት ነጥብ ይሰጠዋል፣ በነስኽ አምስት። መቃሽ ከወፈረ ነጥቡም ይወፍራል፣ አሊፉም አብሮ ይረዝማል። ልኩ አይዛባም። ይኼን ሥርዓት ያበጀው የባግዳዱ ኢብን ሙቅላ ነው ይባላል፤ ነጥቡን፣ አሊፉን፣ አሊፉ እንደ ወገብ መስመር የሚያልፍበትን ክብ። የከሊፋዎቹ ዋዚር ነበር፤ በፖለቲካ ጠብ ቀኝ እጁ ተቆረጠ፤ እስር ቤት እንዳለ እ.ኤ.አ. በ940 ሞተ።

መምህርት፦ ሐጂ፣ ይኼ እኮ የሒሳብ ትምህርት ነው። ጥምርታ! የሒሳብ መምህራችን ቢያይ ክፍለ ጊዜውን ያጋራኝ ነበር። መስመሩስ? ሰሌዳው ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው በምንድን ነው?

ሐጂ፦ በወረቀት ለሚጽፍ ሚስጠራ የሚባል መሣሪያ አለ። ወፍራም ካርቶን ላይ በየእኩል ርቀቱ ክር ይወጠራል። ወረቀቱን ከላይ ታስቀምጪና በአውራ ጣትሽ ትጫኚዋለሽ፤ ክሩ መስመሩን ያለ እርሳስ ያትመዋል። ዛሬ ከምናለሽ ተራ ካርቶን፣ ከልብስ ሰፊ ክር ብታመጪ ስልሳው ልጅ በአንድ ቀን ይሠራዋል።

መምህርት፦ የእኛ የብራና ጸሐፊዎችም ያለ እርሳስ ነው የሚያሰምሩት። ብራናውን ዳርና ዳር በወስፌ ይወጉታል፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በደነዘ ብረት ይጫኑታል። ጭረቱ ያለ ቀለም ይታያል። ብዕራቸውም ከዚሁ ከመቃ ነው የሚቀረጸው፤ ጥቁር ቀለማቸውም ከጥላሸት ነው።

ሐጂ፦ አውቃለሁ። ደሴ ላይ አንድ የግዕዝ ቁም ጸሐፊ ጎረቤት ነበረን፤ ሙጫ እንዋዋስ ነበር። እንግዲህ ዋናው ነገሬ እዚህ ላይ ነው። አንቺ ኸጥን ብቻ ነጥለሽ ብታስገቢ ነገሩ የሙስሊም ነገር ይሆናል። ሙስሊሙ «የእኔ ገባ» ይላል፣ ክርስቲያኑ «የእኔስ?» ይላል። ጣሊያን የሠራው ሥራ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

መምህርት፦ ስለዚህ የግዕዙ ቁም ጽሕፈትም አብሮ ይግባ ነው የሚሉኝ?

ሐጂ፦ አብሮ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ። መቃ መቅረጽ አንድ ትምህርት ነው፤ ለሁለቱም ይሆናል። ቀለም መበጥበጥ አንድ ትምህርት ነው። ማስመር አንድ ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ሌላው ከቀኝ ወደ ግራ። ልጁ ሁለቱንም ይሞክር። ማን የማን እንደሆነ ሳይሆን እጅ እንዴት እንደሚዞር ይማራል። ቁም ጽሕፈቱም ከዚህ ያልተናነሰ አደጋ ላይ ነው። ግዕዝ ፊደል በኮምፒውተር ከመጣ ወዲህ ታፔላ ጸሐፊው ሁሉ ስቲከር ቆራጭ ሆኗል። ከታፔላ ጸሐፊዎቹ ስንቱ ቀለምና ብሩሽ ይዞ እንደቀረ መርካቶን ዞረሽ እዪ።

መምህርት፦ ግዕዙ ግን በሥዕሉ በኩል መውጫ አግኝቷል። እነ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮቭ ፊደላችንን ሸራ ላይ አውጥተው በአሜሪካ ሙዚየም አስገብተውታል። የዐረብኛው እጃችን ግን እንዲህ ያለ ሰው ገና ይፈልጋል።

ሐጂ፦ «የዐረብኛው እጃችን» አልሽ። ሁለተኛው ነገሬ እሱ ነው። የትኛውን እጅ ልታስተምሪ ነው? ዛሬ እዚህ ያሉ ወጣቶች ኸጥ የሚለማመዱት ከዩቲዩብ ነው፤ የኢስታንቡል ሱሉስ፣ የኢስታንቡል ነስኽ። አያምርም አልልም፤ እጅግ ያምራል። ግን የሐረር ቁርኣን እንዲያ አይጻፍም። የሐረር እጅ ራሱን የቻለ ነው፤ ወፈር ያለ፣ ኅዳጉም ያጌጠ። አጥኚዎቹ ከሕንድ ቢሃሪ ከሚባለው አጻጻፍ ጋር ያመሳስሉታል፤ ነጋዴ በባሕር ሲመላለስ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። የወሎውም የራሱ መልክ አለው። አገራዊ ትምህርት ቤት ውስጥ ካስገባሽው የአገሩን እጅ አስተምሪ። የኢስታንቡሉን ለመማር ኢስታንቡል አለ።

መምህርት፦ ይኼ ከባድ ነው። የኢስታንቡሉ መማሪያ መጽሐፍ አለው፣ ነጥቡ ተቆጥሮ ተቀምጧል። የሐረሩን ማንም በነጥብ ቆጥሮ አላስቀመጠልኝም።

ሐጂ፦ ታዲያ ሥራው እሱ ነው! ሐረር ያለው ኪታብ ፎቶ ይነሣ። ስድስት ኪሎ ያለው ይነሣ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይገልበጡ፣ ይለኩ። ያንን የሚሠራ የሥነ ጥበብ ተማሪ ጠፍቶ ነው? የሠራው ሰው መጽሐፍ ይወጣዋል፣ ያኔ አንቺም የምትይዢው ይኖርሻል። አለበለዚያ የቻይናውን ፕላስቲክ በእጅ መገልበጥ ነው የምታስተምሪያቸው።

መምህርት፦ እሺ። ሦስተኛው ነገር የእኔ ነው። ማን ያስተምረዋል? እኔ ዲግሪ አለኝ፣ እጅ የለኝም። እርስዎ እጅ አለዎት፣ ዲግሪ የለዎትም። ትምህርት ቢሮ መምህር ሲቀጥር ወረቀት ይጠይቃል። የቁም ጸሐፊው መሪጌታም እንዲሁ ነው፤ ሃያ ዓመት በብራና ላይ ጎንብሶ ኖሮ በቅጥር መስፈርቱ ያልተማረ ሰው ነው።

ሐጂ፦ ግብጾች በዚህ ላይ ብልሃት ነበራቸው። ንጉሥ ፉአድ እ.ኤ.አ. በ1922 ካይሮ ውስጥ ለኸጥ ትምህርት ቤት ሲያስከፍት ከኢስታንቡል የመጣውን ሼኽ ዐብዱልዐዚዝ ሪፋዒን በዚያ አስተማሪ አደረገው። «ወረቀትህን አሳይ» ያለው የለም፤ እጁን ነው ያዩት። የዚያ ትምህርት ቤት ምሩቃን ናቸው ኋላ በመላው ግብጽ መምህር የሆኑት።

መምህርት፦ እኛም ቢያንስ እንግዳ መምህር ብለን መጥራት እንችላለን። እኔ ክፍሉን እይዛለሁ፣ ልጆቹን አስተካክላለሁ፣ ውጤት እሞላለሁ። እጅ ያለው ሰው ይጽፋል። ግን በነጻ አይደለም። «ለበረከት ብለው ይምጡ» ተብሎ የሚጠራ ባለሙያ ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ በሦስተኛው ሱቁን ይከፍታል።

ሐጂ፦ እውነት ተናገርሽ። እኔም እከፍታለሁ።

መምህርት፦ ስለዚህ እንዲህ ብዬ ለወላጅ ኮሚቴው ላቅርበው። በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሳይሆን በሥነ ጥበብ ክበብ እንጀምራለን፤ የፈለገ ልጅ፣ ወላጁ የፈረመለት። አንድ ኸጣጥ፣ አንድ ቁም ጸሐፊ፤ ሁለቱም የሚከፈላቸው። አያም፣ መዝሙረ ዳዊትም አይጻፍም፤ ስም፣ የሰፈር ስም፣ ተረትና ምሳሌ ይጻፋል። የሐረርና የወሎ እጅ በፎቶ ይቀርባል፣ ከጎኑ የብራናው። በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ የሠሩት ለወላጅ ይታያል። ከሠራ ለትምህርት ቢሮ እናሳያለን፣ በክወናና እይታ ጥበባት መጽሐፍ ላይ አንድ ምዕራፍ ይሁን ብለን እንጠይቃለን።

ሐጂ፦ ኸጥ የቁርኣን ነው የሚል ሼኽ ቢመጣብሽስ? ከቁርኣን ለይተሽ ባዶ አደረግሽው ቢልሽ?

መምህርት፦ እርስዎ ምን ይሉታል?

ሐጂ፦ «ቁርኣኑ መስጊድ አለ፣ መድረሳ አለ፣ አልተነካም» እለዋለሁ። ልጁ ትምህርት ቤት መቃ መቅረጽ ከቻለ መስጊድ ሲመጣ ለቁርኣኑ የተዘጋጀ እጅ ይዞ ይመጣል። ካልመጣም የአገሩን ጽሑፍ ሲያይ ያከብረዋል፤ የሼኾቹን ኪታብ መጠቅለያ አያደርገውም። እኔ ከዚህ በላይ ከመንግሥት ትምህርት ቤት አልጠብቅም፤ ከዚህ በላይ ቢሰጠኝም አልቀበልም፤ ዛሬ የሰጠኝ እጅ ነገ ምን ጻፍ እንደሚለኝ አላውቅማ።

መምህርት፦ እንግዲህ ይስማማሉ ማለት ነው?

ሐጂ፦ በነገርኩሽ ልክ እስማማለሁ። የአገሩ እጅ ይሁን፣ ባለሙያው ይከፈለው፣ ወላጅ ይፈርም። ከሁሉም በላይ ግን ለኮሚቴው ይኼን በይልኝ፦ ቁም ጸሐፊውን ሳትጠሩ እኔን ብቻ ከጠራችሁ አልመጣም፤ እኔን ሳትጠሩ እሱን ብቻ ከጠራችሁም እሱ እንዳይመጣ እለምነዋለሁ። ሁለቱም ካልገቡ አንዱም አይግባ።